ተሽጦ ሄዶ ከተማ የሠራው ሰው

ሕንድ ሲባል ለአብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ፊልሟ ነው። ታላላቆቻችን ደግሞ ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሯቸውን ሕንዳውያን መምህራን ያነሳሉ። እኔም ብሆን ከዚያ ያለፈ እውቀት አልነበረኝም። በክፍላችን ከሞተ ብዙ ዘመን ያለፈውን የአንድ ዝነኛ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ ስንታዘዝ ጓደኞቼ ነገሥታቱን ተሻሟቸው። ቴዎድሮስን ብቻ አራት ሰው ያዘው። እኔ ዘግይቼ ስለነበር ከአገር ወጣሁ። ወጥቼ ያገኘሁት ግን መልሶ የአገሬን ሰው ሆነ።

ከሰውየው በፊት ቦታውን ላስተዋውቃችሁ፤ ያለ ቦታው ሰውየው አይገባንምና። በምዕራብ ሕንድ፣ ዛሬ ማሃራሽትራ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ በጎዳቫሪ ወንዝ ዳር ፓይታን የምትባል ጥንታዊ ከተማ አለች። ከ2000 ዓመት በፊት የሳታቫሃና ነገሥታት መናገሻ ነበረች። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ግብጽ ውስጥ ይኖር የነበረ አንድ ግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ሕንድ ውቅያኖስ ወደቦች በጻፈው መመሪያ ላይ ያነሳታል። ባሪጋዛ ከተባለው ወደብ፣ ማለትም ከዛሬዋ ባሩች፣ ወደ ደቡብ የ20 ቀን መንገድ እንደምትርቅ፣ ከእሷም የከበሩ ድንጋዮች በጋሪ ተጭነው ደህና መንገድ የሌለውን አገር አቋርጠው ወደ ወደቡ እንደሚወርዱ ይገልጻል። ከፓይታን ወደ ምሥራቅ 10 ቀን ተጉዞ ታጋራ ትገኛለች። የታጋራ ሸቀጥ ጨርቅ ነው፤ ከወፍራሙ እስከ ስሱ ሻሽ ድረስ።

ይኸው መጽሐፍ ስለ አዱሊስም ይናገራል። ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል የሕንድ ብረትና የሕንድ የጥጥ ጨርቅ አሉበት። ከአዱሊስ የሚወጣው የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የባሕር ኤሊ ቅርፊት ነው። እንግዲህ የፓይታን አካባቢና የእኛ ደጋ በአንድ የንግድ መስመር ሁለት ጫፍ ላይ ነበሩ ማለት ነው። ከ1400 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም፣ የሕንድ ጨርቅ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ መምጣቱን አላቋረጠም። በምላሹ ከሚሄደው ውስጥ ግን በዚያ ዘመን ሰው ጎልቶ ይታያል። እኔ ታሪኩን የምጽፍለት ሰው ከተላኩት አንዱ ነው። (በነገራችን ላይ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዓለም የሚያውቀው ማሊክ አምባር በሚል ስም ነው። የተወለደው በ1548 ገደማ ሲሆን የመጀመሪያ ስሙ ቻፑ ነበር። የትውልድ ቦታውን ከፊሎቹ ጸሐፊዎች ሐረር አካባቢ ነው ሲሉ፣ ከፊሎቹ ወደ ከምባታ ይወስዱታል። ዘመኑን ልብ በሉ። የአህመድ ግራኝ ጦርነት ካበቃ ገና አምስት ዓመቱ ነው፤ ባሪያ ፈንጋዩም ነጋዴውም ገበያው የደራበት ጊዜ። አንድ በቢጃፑር መንግሥት የተጻፈ ዜና መዋዕል ልጁን የሸጡት ወላጆቹ ራሳቸው ናቸው ይላል። ይህቺን ነገር ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ። ስለ ባሪያ ንግድ ስናወራ ሻጩ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይመስለናል፤ ዐረብ ወይም ቱርክ ወይም ፈረንጅ። የመጀመሪያው ዋጋ የተቆረጠው ግን እዚሁ፣ በእኛው ቋንቋ ነው።

ከዚያ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ውስጥ ሞካ ወደብ ተሸጠ። ከሞካ ባግዳድ ደረሰ። ባግዳድ የገዛው ሚር ቃሲም የሚባል ነጋዴ ልጁ አእምሮው ክፍት መሆኑን አይቶ አስተማረው፤ አሰለመውና አምባር ብሎ ሰየመው። ስሙ ለእኛ ጆሮ የእጅ ጌጥ ይመስላል፤ አይደለም። በዐረብኛ ከባሕር የሚገኝ ውድ ሽቶ ነው። ባሪያን በሽቶ፣ በዕንቁና በአበባ ስም መጥራት በዚያ አገር የተለመደ ነበር። ሰው ዕቃ ሲሆን ስሙም የዕቃ ይሆናል መሰለኝ።

በ1570ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሚር ቃሲም ወጣቱን ይዞ ወደ ሕንድ፣ ወደ ደካን ደጋ ተሻገረና ለአህመድናጋር መንግሥት ዋና ሚኒስትር ሸጠው። ሚኒስትሩ ቼንጊዝ ኻን ይባላል። የሚገርመው እሱም ራሱ በባርነት የመጣ ሐበሻ ነበር። በቤቱ አንድ ሺህ ያህል ሐበሾች ነበሩት። እዚህ ላይ የደካንን አሠራር ካልገለጽኩ ነገሩ ተረት ይመስላል። የደካን ነገሥታት ሐበሾችን የሚገዙት እርሻ ለማሳረስ አልነበረም፤ ወታደርና ሹም ለማድረግ ነው። በአካባቢው ዘመድ የለውም፣ ርስት የለውም፣ የሚያሴርለት ጎሳ የለውም፤ ያለው ጌታው ብቻ ነው። ስለዚህ ይታመናል። ጌታው ሲሞት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ነጻ ይወጣና በጦሩ ያድራል። ልጆቹም እንደ ማንኛውም ሰው ነጻ ሆነው ይወለዳሉ። አሜሪካ ውስጥ ከነበረው ባርነት ጋር ስናመሳስለው የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ይህን ስል ግን ነገሩን ለማቅለል አይደለም። ሰው ተሽጧል፤ አለቀ።

ቼንጊዝ ኻን በ1570ዎቹ አጋማሽ ተመርዞ ሞተ። ሚስቱ አምባርን ነጻ አወጣችው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሃያ ዓመታት በአጭሩ ልለፋቸው። ቢቢ ካሪማ የተባለች ሴት አገባ፤ በቢጃፑር መንግሥት ቅጥረኛ ወታደር ሆኖ ሠራ፤ ማሊክ የሚለውን ማዕረግም ያገኘው እዚያ ነው። የሚመራው ፈረሰኛ መቶ ሃምሳ ያህል ነበር። በ1595 ወደ አህመድናጋር ተመለሰ።

የተመለሰው በክፉ ቀን ነው። በሰሜን ሕንድ ተወዳዳሪ ያልነበረው የሙጋል ንጉሠ ነገሥት አክባር ጦሩን ወደ ደካን ልኮ ነበር። አህመድናጋርን ቻንድ ቢቢ የተባለች ጀግና ንግሥት እንደ ወንድ ተዋግታ ብታስጥላትም በ1600 በገዛ ወታደሮቿ ተገደለች፤ ምሽጉም በዚያው ዓመት በሙጋሎች እጅ ወደቀ። መንግሥቱ አለቀለት ሲባል አምባር ከንጉሣዊው ቤተሰብ አንድ ወጣት ፈልጎ አገኘና ፓራንዳ በተባለ ምሽግ ሙርታዛ ሁለተኛ ብሎ አነገሠው። ሴት ልጁንም ዳረለት። ራሱ የንጉሡ እንደራሴ ሆነ። ያን ጊዜ ዕድሜው ሃምሳን አልፏል። እኛ ገና በሃያ አንድ ዓመታችን ጊዜው አመለጠን እያልን የምናማርረው ነገር እዚህ ላይ ትንሽ ያሳፍራል።

በዙሪያው የተሰባሰበው ጦር ከመቶ ሃምሳ ወደ ሦስት ሺህ፣ ከዚያም ወደ ሰባት ሺህ አደገ። ዊልያም ፊንች የተባለ እንግሊዛዊ ነጋዴ በ1610 ገደማ ሲጽፍ ከአምባር ሥር አሥር ሺህ ሐበሾችና አርባ ሺህ ደካናውያን እንደሚዋጉ ገልጿል። እነዚያ አሥር ሺህ ሐበሾች ከየት መጡ? አብዛኞቹ እሱ በመጣበት መንገድ፣ በዚያው ገበያ በኩል ነው። አምባር ገበያውን አልዘጋውም። ኃይሉ ከዚያው የሚቀዳ ስለነበር የሚዘጋውም አይመስለኝም። ስለ እሱ በኩራት የሚጽፉ ሰዎች ይህን ሲዘሉት አይቻለሁ። ጋዜጠኛ ለመሆን የምንማር ሰዎች ግን ብንዘለው ያስጠይቀናል።

የማይዘለል ሌላም ጉዳይ አለ። ንጉሥ ሙርታዛ ሌላ የፋርስ ተወላጅ ሚስት ነበረችው። ይህቺ ሴት በ1610 የአምባርን ልጅ የባሪያ ልጅ መሆኗን እያነሳች፣ አባቷንም እያዋረደች ሰደበቻት። ልጅቱ ለአባቷ ተናገረች። ብዙም ሳይቆይ ንጉሡም ሚስቱም በመርዝ ሞቱ፤ አምባር የንጉሡን የአምስት ዓመት ልጅ አነገሠ። የስድቡን ክብደት መገመት አያቅተኝም፤ በእኛ አገርም ይህች ቃል ስንት ደም እንዳፋሰሰች እናውቃለን። ቢሆንም አንድ ሰው የገዛ ንጉሡን፣ የገዛ አማቹን ገድሏል። ጀግናዬ ነው ብዬ ስለጀመርኩ ብቻ ይህን ላለሰልሰው አልችልም።

በዚያው በ1610 ነው ከተማዋን የመሠረታት። ቦታው ካም በምትባል ትንሽ ወንዝ ዳር ያለ ካድኪ የሚሉት መንደር ነበር። ለምን እዚያ? አንደኛ፣ ማንም በቀላሉ የማይደፍረው የዳውላታባድ ተራራ ምሽግ ቅርብ ነው። ሁለተኛ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርደው የጥንቱ የንግድ መንገድ በዚያ አቅጣጫ ያልፋል። ፓይታን፣ ያቺ ቀደም ብዬ ያነሳኋት የድንጋይና የሐር ከተማ፣ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ብትርቅ ነው። መናገሻው እዚያ ሲቆም ሸማኔውም፣ አንጥረኛውም፣ አራጣ አበዳሪውም ይከተላል። መስጊዶችና የገበያ ሰፈሮች ተሠሩ። በሙጋሎች ላይ ላገኘው ድል መታሰቢያ በ1612 ባድካል የሚባለውን ትልቅ በር አስገነባ።

ለእኔ ግን ከሁሉ የበለጠብኝ ውሃው ነው። አካባቢው ደረቅ ነው፤ ወንዟም ከተማ ሙሉ ሕዝብ የምታጠጣ አይደለችም። አምባር ያሠራው ናህረ አምባሪ የሚባል የውሃ መስመር የሚነሳው ከከተማዋ በስተሰሜን ካሉት ኮረብቶች ነው። ከኮረብታው ሥር የሚሰርገውን የከርሰ ምድር ውሃ በጉድጓዶች ይሰበስባል። ከዚያ በትንሽ በትንሹ እያዘቀዘቀ በተሠራ የመሬት ውስጥ ቦይ ያለምንም መግፊያ፣ በራሱ ክብደት ብቻ ወደ ታች ይወርዳል። በየተወሰነ ርቀት ለአየርና ለጥገና የሚሆን መውረጃ ጉድጓድ አለው። ግፊቱ እንዳይበዛም በየመንገዱ የቆሙ የድንጋይ ማማዎች አሉ። ከተማ ሲደርስ በየሰፈሩ ላሉ ገንዳዎች ይከፋፈላል፤ እንደኛ ቦኖ በሉት። ቦዩ ከመሬት በታች ስለሆነ ፀሐይ አያተነውም፤ ከተማዋን የከበበ ጠላትም በቀላሉ አያገኘውም። ከእሱ በኋላ የመጡት ገዢዎችም በዚያው ዘዴ ሌሎች መስመሮችን ጨመሩ። ከነዚያ አንዱ ፓንቻኪ የሚባል የውሃ ወፍጮ ያሽከረክር ነበር፤ ለተሳላሚና ለድሃ የሚሆን እህል ይፈጭበት ነበር።

ንግዱም ያለ ሰላም አይሆንምና አምባር ገበሬውን ያራቆተውን ግብር በጨረታ የመሸጥ ልማድ አስቀርቶ ግብሩ በመሬቱ ጥራትና በተመረተው እህል ልክ እንዲተመን አደረገ። ፒተር ፋን ደን ብሩከ የተባለ የኔዘርላንድ ነጋዴ በ1617 መርከቦቹ በምዕራብ የባሕር ዳርቻ ስለተሰበሩበት በእግር አገር አቋርጦ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ አምባርን በአካል አግኝቶታል። ቻፑ የሚለው ስም የደረሰን በዚህ ሰው በኩል ነው። በአምባር ግዛት ወርቅ ይዞ መጓዝ እንደማያሰጋ መስክሯል። ፊቱ ኮስታራ እንደነበረም ጽፏል። ሰክሮ የተገኘ ሰው ጉሮሮው ውስጥ የቀለጠ እርሳስ እንደሚፈስበትም አክሏል። መንገዱ ሰላም የሆነው በምን ዓይነት እጅ እንደሆነ ከዚህ ይገባናል።

ስለ ውጊያው ብዙ ተጽፏል። ሙጋሎቹ መድፍና ዝሆን፣ ከባድ ፈረሰኛም ነበራቸው። አምባር ሜዳ ላይ ቆሞ አይጠብቃቸውም። ቀለል ያሉ የማራታ ፈረሰኞችን አሰማርቶ ስንቃቸውን ይቆርጣል፣ ሌሊት ይረብሻቸዋል፣ ወደ ገደልና ወደ ጫካ ይስባቸዋል። ባርጊጊሪ ይሉታል። ይህን ዘዴ በኋላ የማራታ መንግሥት መሥራች ሺቫጂ ሙጋሎችን አስጨንቆበታል። የሺቫጂ አባት ሻህጂ ከአምባር ጋር ተሰልፎ ተዋግቷል።

ድሉ ግን ሁልጊዜ አልነበረም። በ1616 ሮሻንጋኦን ላይ ተሸነፈ፤ ሙጋሎቹም ካድኪ ገብተው አቃጠሏት። በሚቀጥለው ዓመት ልዑል ኩራም ብዙ ጦር ይዞ መጥቶ አስታረቀ። ልዑሉ ሻህ ጃሃን የሚለውን ስም ያገኘው በዚህ የተነሳ ነው፤ በኋላ ታጅ ማሃልን ያሠራው እሱ ነው። በ1621 ከተማዋ ዳግመኛ ፈረሰች። አምባር ሁለቴም መልሶ ሠራት።

የአክባር ልጅ ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር አምባርን የሚጠላው ጥላቻ የተለየ ነበር። በማስታወሻው ውስጥ ስሙን ያለ ስድብ አያነሳም፤ ብዙው ስድብ ደግሞ ስለ ቆዳው ጥቁረት ነው። አቡል ሐሰን በተባለ ሠዓሊው ያሠራው ሥዕል ዛሬ አየርላንድ፣ ደብሊን ውስጥ በቼስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ጃሃንጊር በዓለም ሉል ላይ ቆሞ፣ በጦር ጫፍ ላይ በተሰካ የአምባር ራስ ላይ ቀስት ሲወረውር ያሳያል። ችግሩ አንድ ነው፤ ይህ ፈጽሞ አልሆነም። የአምባርን አንገት ማንም አልቆረጠም። የፎቶ ማቀናበሪያ ሳይፈጠር የተቀናበረ የሐሰት ዜና ብለን ልንይዘው እንችላለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሲያብሰለስለኝ ከረመ። የአምባርን ሕይወት የምናውቀው ከማን ነው? ከሚጠላው ንጉሥ፣ ከመንገደኛ ነጋዴ፣ ከጎረቤት መንግሥት ጸሐፊ። ተሸጦ መርከብ ላይ ሲወጣ ምን እንዳሰበ፣ ከምታስተኛው እናቱ የሰማው ቋንቋ ሲረሳው ምን እንደተሰማው በራሱ አንደበት የነገረን ነገር የለም። ስለዚህ እኔም አልፈጥርለትም።

የመጨረሻው ትልቁ ጦርነት በ1624 ባትቫዲ ላይ ሆነ። ሙጋሎችና የቢጃፑር መንግሥት ተባብረው መጡበት። አምባር ሰባ አምስት ዓመት አልፎታል። ጠላት በሰፈረበት አካባቢ ያለውን ሐይቅ ገድቡን አፍርሶ ለቀቀው፤ ዝናቡም ተጨመረና መሬቱ ረግረግ ሆነ። ዝሆኑም መድፉም ጭቃ ውስጥ ቆመ፤ እሱ ሌሊት ሌሊት ያጠቃቸዋል። የቢጃፑሩ ጦር አዛዥ ተገደለ። ለከተማው ውሃን በቦይ የመራው ሰው እዚህ ደግሞ በጠላት ላይ ለቀቀው። ከድሉ በኋላ ግን የቢጃፑርን አዲስ ከተማ ናውራስፑርን አቃጠለ። የራሱ ከተማ ሁለት ጊዜ የተቃጠለችበት ሰው ነው ይህን ያደረገው።

በግንቦት 1626፣ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በሰላም ሞተ። መቃብሩ ከከተማዋ ብዙ በማይርቀው ኩልዳባድ ነው፤ የቢቢ ካሪማም መቃብር እዚያው ነው። የሞቱ ዜና ሙጋሎች ዘንድ ሲደርስ ሙታማድ ኻን የተባለው የጃሃንጊር ቤተ መንግሥት ታሪክ ጸሐፊ በጦር አመራርና በአስተዳደር አቻ ያልነበረው ሰው መሆኑን ጻፈ፤ አንድ ሐበሻ ባሪያ ከዚህ ደረጃ የደረሰበትን ሌላ ታሪክ እንደማያውቅም ጨመረ። በሕይወቱ ሳለ ያልተሰጠው ምስክርነት ከጠላት ጓዳ ወጣ።

ልጁ ፋታህ ኻን የአባቱ ልጅ አልሆነም። አባቱ ያነገሠውን ወጣት ንጉሥ ገደለና በ1633 የዳውላታባድን ምሽግ ለሙጋሎች አስረከበ። በ1636 መንግሥቱ ጨርሶ ጠፋ። ከተማዋን ግን ቀድሞ በራሱ ስም ፋታህናጋር ብሏት ነበር። በ1653 ገዢ ሆኖ የመጣው የሻህ ጃሃን ልጅ አውራንግዜብ አውራንጋባድ አላት። ለ370 ዓመት ያህል በዚህ ስም ስትጠራ ኖራ በ2023 ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ተባለች። ሳምባጂ የሺቫጂ ልጅ ነው፤ ማለትም ባትቫዲ ላይ ከአምባር ጎን የተዋጋው የሻህጂ የልጅ ልጅ። ፓይታን ውስጥ ዛሬም በእጅ የሚሠራ የሐር ሳሪ ይሸመናል። የባድካል በርም እዚያው ከተማዋ መሃል ቆሟል፤ መኪናው በአጠገቡ ያልፋል።